ግመል አልባው የግመል ወተት

ፉዚያ በነገሌ ቦረና ገበያ የግመል ወተት ስትሸጥ ጠላቷ ፀሐይ ብቻ ነበረች። ጠዋት የመጣው ወተት ቀትር ሳይደርስ ይበላሻል። ከገበያው ዳር ለአነስተኛ ነጋዴዎች የተሠራው ሼድ ደግሞ ባለ ጣሪያ ነው፤ ባዶውንም ቆሟል። ጥላ ፍለጋ ሼዱን ወደሚያድለው ቢሮ ሄደች።

የቢሮው ኃላፊ አቶ ልዑልቃል በአክብሮት አስቀመጧት።

“ሼዱ የሚሰጠው የፈጠራ ሐሳብ ላለው ነው። ያንቺ ምንድን ነው?”

“ወተት።”

“ደንበኛ አለሽ?”

“አልሐምዱሊላህ፣ ሞልቷል።”

አቶ ልዑልቃል ከልባቸው አዘኑ። “ይኸውልሽ፣ ሰው የሚገዛው ነገርማ የታወቀ ነገር ነው። እኛ የምንደግፈው ገና ማንም ያልፈለገውን ነው።”

እንድትማር ሥልጠና አስገቧት። አሠልጣኙ ቢንያም በዕድሜው አንዲት ክብሪት ሸጦ አያውቅም፤ የተመረጠውም አእምሮው በንግድ ስላልተበከለ ነው።

“ከተለመደው ውጡ!” ይላል እየተንጎራደደ። “ያለዚህ አይሆንም የምትሉትን ነገር አውጥታችሁ ጣሉ!”

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ተወ። ዳቦ ጋጋሪዋ ዱቄቱን ተወች። ፉዚያ ተራዋ ሲደርስ የሼዱ ጣሪያ ድቅን አለባት።

“እኔ እንግዲህ… ግመሉን ልተወው?”

ቢንያም ዓይኑ እንባ አቀረረ። “ግመል አልባ የግመል ወተት!”

አንደኛ ወጣች። ቁልፉ በእጇ ገባ።

ወተት የሚያመጣላት ጃታኒ ወሬውን ሰምቶ እየተቆጣ መጣ።

“አካም ፉዚያ፣ ናጋ? ግመሎቼ ምን አጠፉ?”

“ናጋ ነው፣ ሰላም ነው። አንተ ወተቱን አምጣ። ሐሳቡ ለእነሱ፣ ወተቱ ለሰዉ።”

ጥላው ሠራ። ወተቱ ሳይበላሽ ይውል ጀመር፤ ከሻኪሶ የሚመጡ ወርቅ ነጋዴዎች ሳይቀሩ መኪና አቁመው ይጠጡ ነበር። ይህን የሰማ የክትትል ኮሚቴ ከተፍ አለ። አቶ ልዑልቃል ኩባያውን አሸተቱ፣ ቀመሱ፣ ለማረጋገጥ ደገሙ፣ ጨለጡ። ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ።

“ይህ ከግመል የታለበ ነው!”

“ታዲያ ከምን ይታለብ ጌታዬ? አንቱስ ከምን መስሎዎት ነበር?”

“ከሐሳብ ነዋ! ሐሳቡን አምነን ሼድ ብንሰጥሽ ወተት ትሸጪበታለሽ?”

ሼዱ ታሸገ። ፉዚያ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ከበሩ ማዶ፣ ሐሩሩ ላይ ተቀመጠች።

በዓመቱ ግምገማ ግን አቶ ልዑልቃል ደረታቸውን ነፍተው ተናገሩ፦ በሼዱ ውስጥ ግመል የለም፤ ወተትም የለም፤ ዕቅዱ ያለ አንዳች ጉድለት ተፈጽሟል። ተጨበጨበላቸው።

ከዚያ ወዲህ ከአሬሮም ከዶሎ ኦዶም ልምድ ሊቀስሙ የልዑካን ቡድኖች ይጎርፋሉ። በተቆለፈው በር ፊት ፎቶ ይነሣሉ። ጉሮሯቸው ሲደርቅ ተሻግረው ከፉዚያ ይጠጣሉ።

በቀደም የአንዱ ቡድን መሪ ኩባያቸውን አራግፈው፣ ከንፈራቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ቁልቁል አዩዋት።

“ወተትሽስ ግሩም ነው፣ እህቴ” አሉ፤ በጣታቸው የታሸገውን በር አሳዩዋት። “ግን እስከ መቼ ፀሐይ ላይ? ምን አለ አንቺም ግመል አልባውን ወተት እንዳፈለቀችው ሴትዮ ብታስቢ?”