የበር ማቆሚያው ድንጋይ

የቤተሰብ ጠበቃ የሚጮህ ባል የሚፈራ እንዳይመስላችሁ። የሚጮኸው ይደክመዋል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይቀመጣል። እኔ የምፈራው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ለሁሉም እጅ እየነሣ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚገባውን ነው። እንዲህ ያለው ሲመጣ እዚህ እስራኤል፣ ፔታ ቲክቫ ከተማ ገበያው አጠገብ ያለችው ቢሮዬ ትጠብበኛለች፤ ወንበሬንም ቀስ ብዬ ወደ በሩ አስጠጋለሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም። ጠበቃ ደፋር ነው ያላችሁ ማን ነው?

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ይታይሽ የምትባል ሴት መጣችልኝ። ባሏ መኳንንት ኪርያት ማታሎን በሚሉት የፋብሪካ ሰፈር ይሠራል፤ እዚህ ያለ የጎንደር ሰው ሁሉ በጨዋነቱ ይምልበታል። ጨዋው ሰው ቤቱ ሲገባ ይደበድባታል። የፈለገችው ዳኛ ከቤት እንዲያስወጣላትና ከልጆቿ ጋር ሳትፈራ እንድታድር ብቻ ነበር።

የችሎቱ ዕለት ገና መናገር ስጀምር ከመግቢያው በኩል ጩኸት ተሰማ። ጥበቃው የመኳንንትን ቦርሳ ሲፈትሽ እንጀራ የሚያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ አግኝቶ ኖሯል። ሰውየውን ግድግዳ አስደግፈው ድንጋዩን ዳኛዋ ጠረጴዛ ላይ አመጡት።

በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከተበዳዩ እግር ሥር እንደሚወድቅ ታውቃላችሁ። ዳኛዋ ግን ከየት ታውቃለች? ዝም ብል ኖሮ ድንጋዩ መሣሪያ ተብሎ ጉዳዬን በረታሁ ነበር። ዝም ማለት ግን አልሆነልኝም፤ ለይቅርታ እንደመጣ አስረዳሁ። የዳኛዋ ፊት ሲለሰልስ ሳይ ደንበኛዬን በገዛ አፌ የቀበርኳት መሰለኝ።

«ታዲያ ሴትዮዋ ለምን ትንቀጠቀጣለች?» አለች ዳኛዋ።

ዞሬ ጠየቅኋት። ይታይሽ ዐይኗን ከድንጋዩ አላነሣችም።

«አውቀዋለሁ» አለች። «ካቻምናም አምናም ሽማግሌ ሰብስቦ ይህንኑ ተሸክሞ ነው ከእግሬ የወደቀ። ድንጋይ የተሸከመን ሰው እምቢ ብል ሰው ምን ይለኛል? ይቅር ለእግዜር እላለሁ፣ ሽማግሎቹ መርቀው ይሄዳሉ። እሱም ድንጋዩን ቤት ይመልሰዋል። የበራችን ማቆሚያ እኮ ነው ወንድሜ። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር አየዋለሁ። ከእጁ ይልቅ የምፈራው ይህን ድንጋይ ነው።»

ቃሏን ወደ ዕብራይስጥ ተረጎምኩ። ዳኛዋ መኳንንት ወደ ቤቱ እንዳይደርስ አዘዘች፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ሲወጣ ድንጋዩን እንዲሰጡት በትሕትና ለመነ፤ ጥበቃውም ምን ያድርገው፣ ሰጠው። በአጠገቤ ሲያልፍ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ» አለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

በማግስቱ ይታይሽ ቢሮዬ ደወለች።

«በሩ በነፋስ እየተላተመ በቁሜ ገደለኝ» አለች። «በተላተመ ቁጥር እሱ የመጣ ይመስለኛል። የሚያቆመው ድንጋይ የለም።»

«ሌላ ድንጋይ ምን ያደርግልሻል? ቆልፊው እንጂ።»

«በቀን?»

«በቀን።»

«በሰደር፣ እሺ» አለችና ስልኩን ሳትዘጋ አስቀምጣ ሄደች። ቁልፉ ሲዞር ተሰማኝ፤ አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ።

እኔም ተነሥቼ የቢሮዬን በር ቆለፍኩ።