የአማቴን ሞተር እንዴት አድርጌ እንደተንከባከብኩት

ሞተር በእርጅና ሞተ ሲሏችሁ አትመኑ! ሞተር የሚሞተው ሲወዱት ነው። በተለይ የወደደው ሰው የተማረ ከሆነ... በቃ፣ አለቀለት።

ነቀምት ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ አማቴ አዴ ጫልቱ የእህል ወፍጮ አላቸው። የኤሌክትሪክ ሞተሩ ከትዳሬ በዕድሜ ይበልጣል። ሚስቴን ጨምሮ አምስት ልጆች አስተምሯል፤ መምህር የምባለው እኔ እንኳ አንድ አላስመረቅኩም። ታዲያ አማቴ የታመሙ እህታቸውን ለመጠየቅ ኡኬ ከተማ ሲሄዱ፣ "ሶዳ፣ ወፍጮውን አደራ" አሉኝ። ሶዳ ማለት በኦሮምኛ አማች ነው። አደራ ማለት ደግሞ "እንዳትነካ" ማለት መሆኑን ማን ይንገረኝ?

ወዲያው ስልኬን አውጥቼ ስለ ሞተር ዕድሜ አነበብኩ። "ሞተርዎን ከአቧራ ይጠብቁ" ይላል። ቀጥሎ "የአየር መግቢያውን ግን አይድፈኑ" ይል ኖሯል። ለእኔ ግን የመጀመሪያዋ መስመር በቂ ነበረች፤ መምህር ነኝ እኮ! ለሠርጋችን ከተሰጠን ወፍራም ብርድ ልብስ ቆርጬ፣ በልኩ ለክቼ፣ ባለ ዚፕ ልብስ አሰፋሁለት። ለልጄ እንኳ እንዲህ ያለ አላሰፋሁም።

ኦቦ ዲንሳ በዚህ ወፍጮ ተቀጥረው ለዓመታት እህል የፈጩ አዛውንት ናቸው። በየማለዳው የሞተሩን አየር መሳቢያ ወንፊት በብሩሽ ይጠርጋሉ። የዚያን ዕለት ብሩሻቸውን ይዘው ብርድ ልብሱ ፊት ተገተሩ።

"አያምርም፣ ኦቦ ዲንሳ?"

"ጋሪዳ... ጥሩ ነው፣ ሶዳ። ብቻ ሙቀቱ..."

"ምን ሙቀት? ብርድ ነው እኮ!"

"ቶሌ፣ እሺ" አሉና ብሩሻቸውን ኪሳቸው ከተቱ። እዚህ አገር ሶዳ ይከበራል፤ ተሳስተሃል አይባልም። እኔም ክብሬን ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

በሦስተኛው ቀን ሞተሩ አቃሰተ፤ ከዚያ ጨሰ። ኦቦ ዲንሳ ሮጠው ሲያጠፉት የተሰለፈው ገበያተኛ እህሉን ተሸክሞ ወደ ሌላ ወፍጮ ሄደ። አምስት ልጅ ያሳደገ ሞተር በእጄ ሞተ! እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቅሶ አምሮኝ ነበር።

አማቴ በማግስቱ ደረሱ። ወደ እኔ ዞር አላሉም። ሞተሩ ፊት ቁጢጥ ብለው ዚፑን ቀስ አድርገው ከፈቱ።

"ማል ታቴ? ምን ሆንክ፣ የኔ ጌታ?" አሉት ሞተሩን። "ይህን ሁሉ ዘመን ራቁትህን ሠርተህ፣ ዛሬ ማን አለበሰህ? መተንፈሻህን ሲደፍኑት ዝም አልክ? አንተም እንደ ዲንሳ ሶዳ አክብረህ ነው?"

"አዴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው..." አልኩ ከኋላቸው።

"እርስዎን ምን አልኩ፣ ሶዳ? ከሱ ጋር እኮ ነው የማወራው!"

ደግነቱ አንድ ባለሙያ የተቃጠለውን ሽቦ እንደ አዲስ ጠመጠመውና ሞተሩ ነፍስ ዘራ። የኦቦ ዲንሳ ብሩሽም ከኪስ ወጣ። የእኔ ክብር ደግሞ ጨምሯል! ወፍጮ ቤቱ ብቅ ስል ገና ግቢው በር ላይ ወንበር ይቀርብልኛል፤ ከዚያ ወዲያ አንድ እርምጃ የለም። ባለፈው ቅዳሜ አማቴ ያንን ባለ ዚፕ ብርድ ልብስ አምጥተው ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ከዚያ ወደ ሞተሩ ዞር ብለው፣

"አትቅና፣ የኔ ጌታ" አሉት፤ "እሳቸው ስለማይሠሩ አይሞቃቸውም!"