የወረታ እምቢታ

ለመዘገብ ከሚያስቸግሩ ነገሮች አንዱ የጨዋ ሰው እምቢታ ነው። የጎርፍ ከፍታ ይለካል፤ የሩዝ ምርት ይመዘናል፤ የባለሥልጣን ንግግር እንኳ ቢጨመቅ አንድ አንቀጽ ይወጣዋል። እምቢታን ግን በምን ይሰፍሩታል? እኔ የሰማሁትን እንጂ የተሰማኝን አልጽፍም፤ እስካሁን በዚህ ተከብሬ ኖሬያለሁ። ወረታ ከተማ ላይ ግን ይኸው መርሔ ጉድ አፈላብኝ።

የሄድኩት የኢንተርኔት አስተዳደር በጎ ፈቃደኞችን የመሪነት ሥልጠና ልዘግብ ነው። ስሙ ያስደነግጣል፤ አውቃለሁ። ለመስኖው የውኃ አባት እንዳለ ሁሉ ለኢንተርኔቱም አባት ሊሾምለት ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ብዙም አልተሳሳትኩም። ከአዲስ አበባ የመጣው ሳምሶን የተባለ ወጣት አሰልጣኝ፣ ከምሳ በፊት ሰብሳቢ እንደሚመረጥና ሰብሳቢው ባሕር ዳር በሚደረገው ጉባኤ ስለ ፎገራ ሜዳ እንደሚናገር አስታወቀ። ሰው ከጠፋ ቦታው ለሐሙሲት ይሰጣል አለ። ጎረቤት ከተማ ሲቀድመው ማን ይወዳል?

ማን መሄድ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል። ትርንጎ ናት፤ የኮምፒውተር መምህርቷ። ጠዋት በባጃጅ አብረን ስንመጣ አጫውታኛለች። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሲጥለቀለቅ ኔትወርኩም አብሮ ይጠፋል። ባለፈው ክረምት ወንድሟ በውኃ ተከቦ፣ ድረሱልኝ የሚልበት ስልክ አጥቶ፣ ከከብቶቹ ጋር ጉብታ ላይ አድሯል። ይህን ባሕር ዳር ላይ ለመናገር ቋምጣለች፤ ንግግሩን በቃሏ ይዛዋለች። እኔም በፋንታዬ የሰማሁትን ብቻ የመጻፍ መርሔን ነገርኳት።

እንግዲህ ስሟ ተጠራ። ሳምሶን በሰሌዳው ላይ ጻፈውና ፈቃደኛ መሆኗን ጠየቃት። ትርንጎ በነጠላዋ አፏን ሸፈን አድርጋ፣ ኧረ እኔ አልችልም፣ ለሚያውቅ ይሰጥ አለች። ሳምሶንም ፈቃዷን እናከብራለን ብሎ ስሟን አጠፋው።

የትርንጎን ፊት ማየት ነበር! እኔ ግን «እጩዋ ራሷን አገለለች» ብዬ መዘገብኩ። ስትል ሰምቻለኋ።

ቀጥሎ የተጠራው ሩዝ ፈልፋይ እኔ ምን አውቄ አለ፤ ጠፋ። የጤና ባለሙያዋ ከእኔ የሚሻል ሞልቷል አለች፤ ጠፋች። ሰሌዳው እንደ ነጋበት ሰማይ ጠርቶ ቀረ። ሳምሶን በላብ ተጠምቆ ሐሙሲት ለመደወል ስልኩን ሲያወጣ፣ ከጣራ ገዳም በኩል የመጡት መሪጌታ ይትባረክ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ብራና ፋቂ ደብተራ ሳትሆን ስሙን ፈጥነህ ፋቅህ» አሉት። «እዚህ አገር ሰው ሹመት ሲሰጡት እሺ ብሎ ከዘለለ ነውረኛ ነው። ይለመናል እንጂ ይጠየቃል እንዴ?»

«አልችልም ብላለች እኮ፣ አባ።»

«የድሮዎቹ አባቶች ለሹመት ሲፈለጉ ጫካ ይገቡ ነበር። ይቺ እኮ ወንበሯ ላይ ናት።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያማ በሞቴው፣ አፈር ስሆኑ ወረደ። ትርንጎ አንዴ እምቢ አለች፤ ደግማ እምቢ አለች፤ ከዚያ እናንተ ካላችሁ ምን አደርጋለሁ ብላ ተነሥታ፣ ጭብጨባው ሳያልቅ የባሕር ዳሩን ንግግር ጀመረችው። ወንድሟ ጉብታው ላይ ካደረበት ስትደርስ የሚስቅ አልነበረም።

ሳምሶን ግን አሰልጣኝ ነውና አልተወንም። መሪ የሰውን ቃል እንደ ቃሉ ይቀበል፣ እምቢም እምቢ ይሁን ብሎ መከረን። አዲሷ ሰብሳቢ ራሷን በአክብሮት ነቀነቀች።

ምሳውን ያዘጋጀችው እሷው ነበረች፤ የጣና ዓሣ ከፎገራ ሩዝ ጋር። መጀመሪያ ሳህኑን ለሳምሶን አቀረበችለት። እሱም ያገሩን ወግ መማሩን ለማሳየት ይሆናል፣ ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ አልራበኝም አላት።

«ፈቃድህን እናከብራለን» አለችና ሳህኑን ለመሪጌታ አሳለፈችው።

ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረች። ልማድ ክፉ ነው፤ አፌ ከሆዴ ቀድሞ ኧረ ይበቃኛል አለ።

«ጋዜጠኛ የሰማውን ነው የሚጽፈው» አለችኝ ፈገግ ብላ፤ «እኔም በሰማሁት እሠራለሁ።»

መሪጌታ ወደ እኛ እያዩ በዝግታ ያኝካሉ። ሊለምነን የተነሣ አልነበረም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። ሳይሾም ያልበላ ግን መሻሩን መጠበቅ አያስፈልገውም፤ እዚያው ይቆጨዋል። ይህን ደግሞ የሰማሁት አይደለም፤ ተሰምቶኝ ነው።