የወይዘሮ ትርንጎ መሶብ

የሰው እጅ የሠራውን ዕቃ መሰብሰብ ሸጋ ሥራ ነው። መሸጡ ነው ጣጣው። አንድ አገልግል ወይም አንድ ያማረ ሙዳይ እጄ ሲገባ እንደ ልጅ ደስ ይለኛል፤ አገላብጬ አየዋለሁ፣ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ ራቅ ብዬ ደግሞ አየዋለሁ። ገዥ መጥቶ ሲወስደው ሆዴ ይባባል። «ታዲያ ምነው ሱቅ ከፈትህ?» ትሉኝ ይሆናል። ባለቤቴም እሱኑ ትላለች።

ፈሪ ሰው ነኝ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እናቴ ካረፈች ቆየች፣ ፍርሃቱ ግን አብሯት አልሄደም። ስለዚህ ዕቃ ሲመጣልኝ «የማን ነው?» ሳልል አልገዛም። የቤተ ክርስቲያን ይሆን፣ የተሰረቀ ይሆን እያልኩ ሻጩን አደርቀዋለሁ። ሙጬ የሚባል የኮሶዬ ገበሬ ያቺን መሶብ ይዞ ሲመጣም ጠየቅሁት። «ከቤቴ ነው ያመጣኋት፣ አያ ታከለ» አለኝ። እውነቱን ነው። ከቤቱ ነበረች።

አገራችንን ታውቁት የለ፣ ተዝካር ሲሆን ጎረቤት ሁሉ እንጀራውን በየመሶቡ ይዞ ይመጣል። እንጀራው በዕለቱ ያልቃል፤ መሶቧ ግን ባለቤቷ እስክታስታውሳት ድረስ እዚያው ከርማ የቤት ሰው ትሆናለች። ሙጬም ከአባቱ ተዝካር በኋላ ጓዳው ውስጥ ያገኛትን የራሱ መስላው ሸጠልኝ። ወንድ ልጅ የቤቱን መሶብ በምን ያውቃል? እኔ ደግሞ እዚሁ ጎንደር ላለ አንድ ባለ ሆቴል ሸጥኳት።

የፈሩት ይደርሳል። አንድ ቅዳሜ ጧት የሙጬ ጎረቤት ወይዘሮ ትርንጎ ነጠላዋን አጣፍታ ሱቄ በር ላይ ቆመች። ሙጬ ከኋላዋ አንገቱን ደፍቷል።

«አያ ታከለ፣ መሶቤን» አለች። «ቀዩ አክርማ ቢያልቅብኝ ጠርዟን በጥቁር የጨረስኳት። ሙሽራ ሳለሁ የሰፋኋት ናት። አሁን ልጄን ልድር ነው፤ የመልሱ ለት ለአማቾቼ የማቀርበው በሷ ነው።»

«የሰው ዕቃ ይሸጣል» የሚል ስም አንዴ ከወጣብኝ ማን ከእኔ ይገዛል? መሶቧን ላስመልስ ብዬ ሁለቱንም ይዤ ወደ ሆቴሉ ገሰገስኩ፤ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ መንገድ ላይ ጨረስኩት።

ምግብ ቤቱ ገብተን ወዲህ ብናይ ወዲያ ብናይ መሶብ የለም። ቀና ያለው ሙጬ ነው። «ኧረ እመቤቴ» አለ ቀስ ብሎ። መሶቧ ከጣሪያው ተዘቅዝቃ ተሰቅላለች። መቀመጫዋን በስተው አምፖል አስገብተውባታል።

የተበሳ መሶብ ምኑ ይመለሳል? ባለ ሆቴሉም ነገሩን ሲሰማ ተጣድፎ መብራቱን አበራው። ብርሃኑ በስፌቱ መሃል ሾልኮ ቀዩም ቢጫውም እንደ ፍም ጋመ። ወይዘሮ ትርንጎ አንጋጣ ቀረች።

«ምነው ዘቀዘቃችኋት?» አለች በመጨረሻ።

«ብርሃኑ ወደ ታች እንዲወርድ ነው፣ እናቴ።»

«ይህን ዘመን ሁሉ ሰው አጎንብሶ ሲበላባት ስፌቷን ልብ ያለ የለም። እንጀራውን ነው የሚያየው።» «እንግዲህ ቀና ብለው ይዩዋት። መልሱ ግን እዚህ ነው የሚሆነው፣ ከሥሯ። ወጡን አንተ ትሠራለህ።»

ባለ ሆቴሉ እኔን አየ፤ እኔ ሙጬን አየሁ፤ ሙጬ ጫማውን አየ።

«እሺ፣ እናቴ» አለ ባለ ሆቴሉ።

«በጉን ሙጬ ያመጣል» አለች፣ ዓይኗን ከጣሪያው ሳታነሳ።

መልሱ ሸጋ ሆኖ አለፈ። አማቾቿ እየጎረሱ ሽቅብ ሽቅብ ሲያዩ ዋሉ፤ እሷም ማን እንደሰፋት እስኪጠይቋት ድረስ ዝም ብላ ጠበቀች። ጠየቋት። የኔም ትንፋሽ ያን ጊዜ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ «የማን ነው?» ብቻ ብዬ አልተውም፤ «ተዝካር ነበረባችሁ ወይ?» እላለሁ። ባለቤቴ ግን በጥያቄዬ አትተማመንም። የእኛን መሶብ ቆልፋ አስቀምጣ፣ ተዝካር ቤት እንጀራ የምትልከው በፕላስቲክ ሳፋ ነው። ሳፋ የሚሰበስብ ሰው እስኪመጣ ድረስ እንግዲህ ሰላም ነን።