ጥቅም ያለው ይውጣ፦ የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ ከስንት ዓመት ይጀመር በሚለው የተያዘ ቃለ ጉባኤ

አንደበትን ለምስጋና፣ ጆሮን ለማስተዋል የሰጠ የእግዚአብሔር ስም ከሁሉ አስቀድሞ ይመስገን። ይህን ለምታነብቡ ሁሉ ሰላሙ ይብዛላችሁ።

የስፌት ፋብሪካው የሠራተኞች ጤና ኮሚቴ አራተኛ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ወሩ በባተ በዘጠነኛው ቀን
ሰዓት፦ ከጧቱ 3፡00 ተብሎ ተጠርቶ 3፡40 ተጀመረ
ቦታ፦ ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ያለው የክር መጋዘን (ወንበር ስላልበቃ ሁለት አባላት በክር ካርቶን ላይ ተቀምጠዋል)

የተገኙ፦
1. የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው፣ ሰብሳቢ
2. ሲስተር፣ የክሊኒኩ ነርስ
3. ገንዘብ ያዧ
4. የስፌት መስመር ተቆጣጣሪዋ
5. የንብረት ክፍል ኃላፊው፣ ሠራተኛው «አቶ ቆልፍ» የሚላቸው
6. የማሽን ጥገና ባለሙያው
7. የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ፣ ጸሐፊ

ምልዓተ ጉባኤ፦ በደንቡ አራት ሰው ይበቃል። ሰባቱም ስለ ተገኙ ምልዓቱ ሞልቶ ተርፏል።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ጸሐፊው ያለፈውን አነበበ። በዚያ ስብሰባ «ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ በጥልቀት ይታይ» ተብሎ መወሰኑ ተሰማ። ሲስተር በጥልቀት ያየው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ጸጥታ ሆነ። ቃለ ጉባኤው ከነጸጥታው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

አጀንዳ 2፦ የምርመራው መነሻ ዕድሜ

ሲስተር እንዳስረዱት፣ የምርመራው ክፍል ከተሰናዳ ሁለት ወር አልፎታል። አልጋው ተዘርግቷል፣ መብራቱ ይሠራል፣ መድኃኒቱም ገብቷል። የቀረው ኮሚቴው «ከዚህ ዕድሜ ጀምሮ» ብሎ ማኅተም ማሳረፉ ብቻ ነው። በእጃቸው ያለው መመሪያ ከሠላሳ ዓመት ጀምሮ፣ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው ላለ ሴቶች ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ እንደሚል አነበቡ። ሕመሙ ብዙ ዓመት ድምፁን አጥፍቶ የሚያደባ መሆኑን፣ ባደባበት ከተደረሰበት ግን በቀላሉ እንደሚመለስ አብራሩ።

ከደጅ ባለው አግዳሚ ወንበር ዐሥራ ዘጠኝ ሴቶች ተራ ይዘው መቀመጣቸውንም አከሉ። ተራ ቁጥር አንድን የያዙት የአዝራር ክፍል ሠራተኛ የሰብሳቢው ባለቤት ናቸው። ባለፈው ክረምት ታላቅ እኅታቸውን በዚሁ ሕመም ቀብረዋል፤ ወደዚህ ደጅ ሲመጡም ይህ አራተኛ ጊዜያቸው ነው።

ሰብሳቢው ይህ የቤተ ሰብ ጉዳይ ስለሆነ ወደ አጀንዳው እንመለስ አሉ። ሲስተር አጀንዳው እሱ ነው አሉ።

አቶ ቆልፍ ዕድሜ እየጠየቅን የሰው ሚስት ልናስቀይም ነወይ ሲሉ ሥጋታቸውን ገለጹ። ተቆጣጣሪዋ «እርስዎማ ሳሙና ሲያድሉ ዕድሜ አይጠይቁንም፤ ሳሙናውንም አይሰጡንም እንጂ» ብለዋል። በዚህ ጊዜ አቶ ቆልፍ ተነሥተው በሥነ ሥርዓት ተናገሩ፤ የኮሚቴው ደንብ አንቀጽ 9 «በሚወሰነው ጉዳይ ጥቅም ያለው አባል ከክፍሉ ይውጣ» እንደሚል አስታወሱ። (ይህ አንቀጽ በደንቡ የገባው፣ ሳሙና ሲከፋፈል አንድ አባል ሦስት ድርሻ ለራሳቸው ባስወሰኑ ጊዜ ነው። አባሉ ራሳቸው አቶ ቆልፍ ናቸው።) ማኅፀን ያላቸው አባላት በጉዳዩ ጥቅም እንዳላቸው ግልጽ ስለሆነ እንዲወጡ ጠየቁ።

ገንዘብ ያዧ «የማን ራስ ሊላጭ ነው ባለ ራሱ የሚወጣው?» ሲሉ ተቃወሙ። ሲስተር ግን «ተዪው እናቴ፣ ደንብ ነው፤ እንውጣ» ብለው ጓንታቸውን ከኪሳቸው እያወጡ ቀድመው ተነሡ። ጓንቱ ለምን እንዳስፈለገ የጠየቀ የለም። ሦስቱ ሴቶች ወጡ። አራት ወንዶች ስለቀሩ ምልዓተ ጉባኤው አልተጓደለም።

አቶ ቆልፍ ንብረት የሚቆጠረው ዓመቱ ሲዘጋ ስለሆነ፣ ምርመራውም ወደ ጡረታ ሲጠጉ በሃምሳ ይጀመር አሉ። የጥገና ባለሙያው ማሽን የሚከፈተው ዝም ባለበት ጊዜ እንደሆነ፣ ከጮኸ በኋላ የሚመጣላቸው ለቁርጥራጭ ብረት እንደሚሄድ መሰከሩ።

«ሴትን ከማሽን ጋር ታወዳድራለህ?» አሉ አቶ ቆልፍ።

«አንተ ከመጋዘን ዕቃ ጋር ስትቆጥራት ሰምቼ እኮ ነው!»

ሰብሳቢው ወደ ጸሐፊው ዞረው «አባታችን፣ መጽሐፉስ ስንት ዓመት ይላል?» ብለው ጠየቁ። ጸሐፊው መጽሐፍ የታመመን ጠይቁ ቢልም የሚጠየቀውን ዕድሜ እንዳልቆረጠ፣ ቁጥሩን ግን ሲስተር ቀደም ብለው እንዳነበቡት መለሰ።

ከረዥም ውይይት በኋላ ማንም እንዳይከፋ እያንዳንዱ አባል አንድ ቁጥር እንዲሰጥና ድምሩ ለአራት እንዲካፈል ሐሳብ ቀረበ። አቶ ቆልፍ 50፣ ሰብሳቢው 45፣ የጥገና ባለሙያው 30፣ ጸሐፊውም ከሲስተር ተውሶ 30 አሉ። ምርመራው ከሠላሳ ስምንት ዓመት ከዘጠኝ ወር ይጀመር ተብሎ ተወሰነ። ዘጠኙ ወር ለጉዳዩ የሚስማማ ነው ተብሎ ተጨበጨበ።

የጥገና ባለሙያው ግን ሰብሳቢው 45ን ከምን እንዳመጡት ጠየቁ። ሰብሳቢው እንዲሁ የመጣላቸው መሆኑን ገለጹ።

«ባለቤትህ ስንት ዓመታቸው ነው?»

«አርባ ሦስት።»

«ታዲያ በአንተ ቁጥር እሳቸው ሁለት ዓመት ይጠብቃሉ ማለት ነዋ።»

ሰብሳቢው በዚህ ጊዜ የተናገሩትን ጸሐፊው ቃል በቃል መዝግቧል፦ «እኅቷ እስክትመረመር ድረስ ደኅና ነበረች። ከዚያ በአምስት ወሯ ቀበርናት። እኛ እስካልወሰንን ድረስ እሷም ደኅና ናት ብዬ ነው።»

በጉባኤው ቀልድ ቆመ። የጥገና ባለሙያው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወንድሜ፣ እኅትየዋ የመጡት ከጮኸ በኋላ ነው» አሉ። ቀጥለውም አንቀጽ 9 የሚመለከተው ሰው ቢኖር ሰብሳቢው እንደሆኑ አመለከቱ። ሰብሳቢው አምነው ተነሡ። አቶ ቆልፍም ባለ ትዳር መሆናቸው ተጠቅሶ «ነገር በጠቀስኩ በኔው» እያሉ ተከተሉ። የጥገና ባለሙያው ሁለት ሴት ልጆችና አንዲት እናት እንዳሏቸው አስመዝግበው ወጡ። በተራ ቁጥር ዐሥራ ሰባት የተቀመጠችው የጸሐፊው ልጅ መሆኗን ጸሐፊው በገዛ እጁ ጽፎ፣ መዝገቡን አቅፎ ወጣ። ከእናት ያልተወለደ አባል ባለመገኘቱ ክፍሉ ባዶውን ቀረ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ (በኮሪደር ላይ)

ኮሚቴው ኮሪደር ሲደርስ አግዳሚው ወንበር በከፊል ተለቅቆ ተገኘ። ከክፍሉ በደንቡ መሠረት የተባረሩት ሲስተር ተሻግረው ወደ ምርመራው ክፍል ገብተው ሥራ ጀምረዋል። ተቆጣጣሪዋ ተራ ይጠራሉ፣ ገንዘብ ያዧ ካርድ ይጽፋሉ። ስድስት ሴቶች ተመርምረው ወጥተዋል፤ ሰባተኛዋ ውስጥ ናት።

የሰብሳቢው ባለቤት ቀድመው ወጥተው በወንበሩ ጫፍ አረፍ ብለው ነበር። ቀና ብለው «ወሰናችሁ?» አሉ።

ሰብሳቢው «ሠላሳ ስምንት ከዘጠኝ ወር» አሉ።

«ጎሽ! እኔ ጨርሻለሁ።»

ሲስተር በሩን ገርበብ አድርገው በባለቤትየዋ ፈቃድ አስረዱ። መድኃኒቱ ሲቀባ ትንሽ ነጭ ምልክት ተገኝቶባቸዋል። ካንሰር አይደለም፤ ቢተዉት ግን ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችል ነበር። እዚያው በተኙበት ታክሞ አልቋል፤ በዓመቱ ተመልሰው ይታያሉ።

«አመመሽ?» አሉ ሰብሳቢው።

«ከአንተ ስብሰባ ያነሰ ነው» አሉ ባለቤታቸው።

ሰብሳቢው በአግዳሚው ላይ ከጎናቸው ተቀመጡ። ጸሐፊው እንባ የሚመዘገብበት ዓምድ ስለሌለው አልመዘገበም።

የመጨረሻ ውሳኔ

በውሳኔው የተካፈሉት ሁሉ ጥቅም ያላቸው ሆነው ስለተገኙ፣ በዚህና ባለፉት ሦስት ስብሰባዎች የተወሰነው ሁሉ ከነዘጠኝ ወሩ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። ሲስተር በመመሪያቸው ይሥሩ። አንቀጽ 9 ወደ ሳሙናው ይመለስ። ሰብሳቢው ባለቤታቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ ተፈቀደላቸው። በሰባት ድምፅ፣ በቆሙበት ጸደቀ። አቶ ቆልፍም ለሚስታቸው ተራ ቁጥር ሃያን ያዙ።

ስብሰባው ከቀኑ 6፡20 ተበተነ።

አንባቢ ሆይ፣ የተሰወረውን የሚያይ አምላክ በቤትህ ያደባውን ክፉ ሳይነቃ ያስይዝልህ። ለእናትህ፣ ለእኅትህ፣ ለትዳር አጋርህ፣ ለልጅህ በዕድሜ ላይ ዕድሜ ይጨምርላቸው። ከኮሚቴም ይሰውራቸው። አሜን።