አባባ፣ ምላጩና የቀዶ ጥገናው ቀጠሮ

ስለ ፀጉር የማናወራው ነገር የለም። ሸሸ እንላለን፣ ሸበተ እንላለን፣ ሹሩባው አማረባት እንላለን። አምቦ ከመናኸሪያው እስከ ዩኒቨርሲቲው በር በባጃጅ ብትሄዱ የፀጉር ቤቱን ማስታወቂያ ቆጥራችሁ አትጨርሱትም። ይሄ ሁሉ ወሬ ግን ከእምብርት በላይ ላለው ነው። ከእምብርት በታች ስላለው ማን ያወራል? ስሙን እንኳ በወጉ የሚጠራው የለም። "እዚያ ጋ ያለው" ይባላል። እዚያ የት? እዚያ ነዋ!

እኔም አላወራም ነበር። ያስወራኝ አባቴ ነው።

አባቴ አቶ ተሰማ የእንጭኒ እህል ነጋዴ ነው። ሰባ ዓመት አልፎታል። ኩንታል ሲያነሳና ሲያወርድ ኖሮ በስተርጅና ቡአ ወጣበት። ብሽሽቱ ላይ ያበጠውን ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ በጋቢ ሸፍኖ ደበቀን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አባባ ግን መድኃኒቱ ቢቀርበትም መደበቁን የሚመርጥ ሰው ነው። ሕመሙ ሲጠናበት እናቴ ደወለችልኝና እኔ ወደማስተምርበት ወደ አምቦ አመጣሁት። ሐኪሙ አየውና አሁን ከሆነ ቀላል ቀዶ ጥገና ነው፣ አንጀቱ እዚያ ታንቆ ከቀረ ግን ነፍሱን ያሰጋል አለን። እኔ ደነገጥኩ። አባባ ደግሞ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሱሪ ይወልቃል ወይ?

ቀን ተቆረጠልን። በዋዜማው አባባ መታጠቢያ ቤት ገብቶ አልወጣ አለ። ለካ እንጭኒ ገበያ ላይ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ፣ ፀጉር ይዞ የሄደ ሰው በነርሶች እጅ ይላጫል ብሎ አስፈራርቶት ኖሯል። አባባ ቀድሞ ሊገላገል አስቧል። በምን? ጥፍሩን በሚቆርጥበት ምላጭ! ኮት ኪሱ ውስጥ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞት ይዞራል፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እሱም አያውቅም። ውሃ የለ፣ ሳሙና የለ። ቦርጩ ስለሚከልለው ደግሞ ሥራው በዳበሳ ነው። ሲጨርስ፣ ቁስል ያደርቃል ብሎ አረቄ ደፋበት።

ጩኸቱን ጎረቤት ሁሉ ሰማው። ባለቤቴ የወደቀ መስሏት ሮጣ በሩን ስትደበድብ፣ "እንዳትገቡ! ደህና ነኝ!" አለ ከውስጥ። ድምፁ የደህና ሰው ድምፅ አልነበረም።

ጠዋት ሆስፒታል የደረሰው እግሩን ከፈት አድርጎ እየተራመደ ነው። ሐኪሙ ጋቢውን ገለጠ፣ አየ፣ መልሶ ሸፈነ። ይሄን ማን አደረገው ብሎ ሲጠይቅ አባባ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ዞር ብሎ እኔን አየኝ! ሐኪሙም አየኝ።

የተቆራረጠና ያበጠ ቆዳ ላይ ቢላዋ አናሳርፍም፣ ቁስሉ ወደ ውስጥ መርዝ ያስገባል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ አሉን። በዚህ መሐል እብጠቱ ደርቆ አልገባ ካለ፣ ወይ ካስመለሰው፣ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት ብለውም አስጠነቀቁን። በቅሎዋ ገመዷን በጠሰች ቢሉት በራሷ አሳጠረች አለ ያገሬ ሰው።

ልንወጣ ስንል ሲስተር ጫልቱ የምትባል ነርስ ይዛ አስቀመጠችን። ልጅ እግር ናት፣ ግን ስትናገር አታፍርም። "ኦቦ ተሰማ፣ ማን ላጩ አለዎት? ፀጉሩ እኮ ለቆዳው ጠባቂ ነው፣ ምንም አልበደለንም" አለችው። ካስፈለገም ጠዋቱን እነሱው በቶንዶስ ያሳጥሩታል እንጂ ምላጭ አያስነኩም። ቤት ውስጥ በዛብኝ ያለ ሰው በመቀስ ቢያሳጥረው ይበቃዋል። የግድ ልላጭ ካለ ደግሞ በሞቀ ውሃ ያለስልስ፣ ሳሙናውን አረፋ ያድርግ፣ ምላጩ አዲስና የራሱ ብቻ ይሁን፣ ቆዳውን ወጠር አድርጎ ፀጉሩ ወደተኛበት ይላጭ፣ ወደ ላይ እየገፋ አይፋቅ። አረቄውን ለሚጠጣው ይተውለት።

ይሄን ሁሉ በአማርኛ ነገረችው። ቀጥላ በኦሮምኛ ደገመችው። አባባ ሁለቱንም እንደ ውሃ ይጠጣል፤ የዚያን ቀን ግን በሁለቱም እንዳልሰማ ሆነ።

እኔም ወደ በሩ ሳይ፣ ፀጉር የሚያነሳ ክሬም የምትጠቀሙም ብትሆኑ አለች። እንዴት እንዳወቀችብኝ እንጃ! መጀመሪያ ክንድ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ፣ የተጻፈውን ደቂቃ አታሳልፉ፣ ስስ ሥጋ አታስነኩት አለችን። ምነው ይህቺን ልጅ ከሠርጌ በፊት ባገኘኋት! በሠርጌ ዋዜማ ከኮስሞቲክስ ቤት አንድ ክሬም ገዛሁ። ሻጯ አምስት ደቂቃ አለችኝ። አምስት ካማረ ሃያ ይበልጥ ያምራል ብዬ አስቆየሁት። በማግስቱ ሙሽሪትን ይዤ ስንፏቀቅ የአክስቶቼ ጓደኞች ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ሙሽራው ሲራመድ እርጋታው! ያሳደገው ይባረክ!" ቆዳዬ ተልጦ መሆኑን ማን ይንገራቸው?

ወደ አባባ ልመለስ። ሁለት ሳምንቱ የልመና ነበር። ሌሊት እየተነሳሁ መተንፈሱን አዳምጣለሁ። እሱ ግን በነርስ ቶንዶስ ከሚነካ እንጭኒ ሄዶ መሞት እንደሚሻለው ነገረኝ። እንግዲያው እኔው ልጅህ ላሳጥርልህ አልኩት። ቆጣ ብሎ ተነሳ። "የአባቱን ራቁት ያየው ካም ምን እንደደረሰበት አልተማርክም? አስተማሪ ነህ ደግሞ!" አለኝ። ተምሬያለሁ። እርግማኑ የወረደው በካም ላይ አልነበረም፣ በልጁ ላይ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ልጅ አለኝ፣ ገና ሦስተኛ ክፍል ነው። ሐሳቤን አነሳሁ።

እናቴስ? ከእንጭኒ መጥታ ነበር፣ እሷ ትርዳህ ብለው ወገቡን ይዞ ሳቀ። አርባ ዓመት በትዳር ሲኖሩ መብራት አብርተው እንደማያውቁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ይቅር በሉኝ፣ ሳልጠይቅ ነው የነገረኝ።

የቀጠሮው ጠዋት ደረሰ። ቁስሉ ድኗል። አባባ አልጋው ላይ ተቀምጦ ጋቢውን እስከ አንገቱ ስቧል። እምቢ ያለው ሴት ስለሆንኩ ነው ብላ ሲስተር ጫልቱ በቅርቡ ከባኮ ተዛውሮ የመጣ ወንድ ነርስ ላከችልን። ልጁ ቶንዶሱን ይዞ ገባ። አባባ አየው፣ አየው፣ ከዚያ ፊቱ ተለዋወጠ።

"ብርሃኑ? የአየለ ልጅ አይደለህም?"

ነው። እንጭኒ ተወልዶ አባባ ራሱ ክርስትና ያነሳው ልጅ! እኔ ደስ አለኝ፣ አባባ ግን ሱሪውን መፈለግ ጀመረ። በክርስትና ልጄ ፊትማ አይሆንም፣ በል ተነስ እንሂድ አለኝ። በቀዶ ጥገናው ክፍል ሐኪሙ እየጠበቀ ነው። ለመንኩት። እናቴ አለቀሰች። እኔም የቀረኝን ትዕግሥት ጨርሼ ልጮህበት ነበር።

ብርሃኑ ቶንዶሱን አስቀመጠና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የአባባን እጅ ያዘ።

"አባቴ፣ ክርስትና የተነሳሁ ዕለት ማን ነው ራቁቴን የታቀፈኝ?"

"እኔ ነኛ!"

"ያኔ አፈርኩብዎት?"

"አላፈርክም" አለ አባባ። ትንሽ አሰበና፣ "ሸናህብኝ እንጂ። ያውም በአዲሱ ኩታዬ ላይ።"

"በሉ እንግዲህ ዛሬ ልካስዎት።"

አባባ ሳቁ አመለጠው። ሲስቅ ያመዋል፣ እብጠቱን በእጁ ደግፎ እየሳቀ በጀርባው ተኛ። ብርሃኑ መጋረጃውን ሳበ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የቶንዶሱን ድምፅ እየሰማሁ እንባዬ መጣ። ይሄን እልኸኛ ሽማግሌ ምን ያህል እንደምወደው ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ቀዶ ጥገናውማ በሰላም አለቀ፣ ዛሬም እንጭኒ ነው ያለው፣ ኩንታል ብቻ ተከልክሏል።

ግን ገና ወደዚያ ክፍል ሳይወስዱት የሆነውን ልንገራችሁ። ብርሃኑ የፈጀበት አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። መጋረጃው ሲከፈት አጠገቡ ካለው አልጋ ላይ ከጉደር በኩል የመጡ ኦቦ ደቻሳ የሚባሉ ገበሬ፣ በዚያው ሕመም ተኝተው፣ ብርድ ልብሳቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አልላጭም ብለው ከአንዲት ነርስ ጋር እየተከራከሩ ነው። አባባ ክርኑን ተደግፎ ቀና አለ።

"ኦቦ ደቻሳ! ሂን ሶዳቲን፣ አይፍሩ! ሐኪም ፊት ምን ሀፍረት አለ? በዚህ ዕድሜ እንደ ልጅ መሆን ምንድን ነው?"

ሽማግሌው ያመኑት አልመሰሉም። አባባ ግራ ቀኙን እንኳ አላየም። "ካላመኑኝ ይኸው!" አለና ጋቢውን ገለጠላቸው።