የቁራው ማጅራት

ቁራ ሁሉ አንድ ነው የሚል ሰው ሽማግሌ ልኮ አያውቅም ማለት ነው። በእኛ በጎጃም ደጋ የሚያጨቃጭቁን ሁለት ናቸው። አንዱ ድፍን ጥቁር ነው። ሌላው ማጅራቱ ላይ ነጭ ጣል አድርጎበታል፤ ምንቃሩም ወፈር ይላል። ቀላል ነው አይደል? እስቲ ፊት ለፊት ሲቆምባችሁ ለዩት። ትንንሾቹን አመድማ ወፎችማ ተዉአቸው፤ እነሱን እናታቸውም የምትለያቸው በመከራ ነው።

ደብረ ማርቆስ ሳስተምር የአንድ የሉማሜ ገበሬ ልጅ ወደድኩ። ወግ ነውና ሦስት ሽማግሌዎች ለመንኩ። አባቷ አንዴ እምቢ ካሉ አሉ ነው፤ ሽማግሌ ከደጃቸው ቢመለስማ ዳግም በር አይከፍቱም። የሽማግሌዎቼ መሪ አጎቴ ጋሽ ሞላ ደግሞ በወፍ ገድ ያምናሉ። ነጭ ያለበት ቁራ ከታያቸው መንገዱ ቀና ነው፤ ጥቁሩ ከታያቸው ወደ ቤት ነው። ምን ልበል? ሽማግሌ የሆኑት ለኔ ነው።

እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ባሕር ዛፍ ሥር ቀረሁ። እነሱ ደጁ ሲደርሱ መስኩ ላይ ካለ ድንጋይ አናት አንድ ቁራ አፈጠጠባቸው። ጋሽ ሞላ በከዘራቸው ሁለቱን አስቆሙ። አንደኛው ሽማግሌ፣ ምንቃሩ ወፍራም ነው አሉ። ሌላው፣ ይሄ ወፍራም ከተባለ ያንተን አፍንጫ ምን ልንለው ነው አሉ። ጋሽ ሞላ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብለው ማጅራቱን ሊያዩ ዞሩ። ቁራው አብሮ ዞረ። በወዲያ ዞሩ፤ እሱም በወዲያ። ለእንግዳ ጀርባውን የማይሰጥ የጨዋ ልጅ ነው መቼም። እኔ ልቤ ተሰቅሏል። ቁራ ልጅቷን ሊያስቀርብኝ ነው?

ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አደግድገው፣ አንገታቸውን አስግገው ድንጋዩን ይዞራሉ። መቼም ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አልቀመጥም ብሎ ቆሞ እንደሚለምን ታውቃላችሁ። የልጅቱ አባት በበሩ ሽንቁር ሲያዩ ቆይተው ለካ ልመና መስሏቸዋል። ቁራውን ልብም አላሉት። ቆሞ የሚለምን አይቻለሁ፣ እየዞረ የሚለምን ግን አላየሁም ብለው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ።

«ግቡ እንጂ አባቶቼ፤ ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ።

በድምፃቸው ቁራው ደንግጦ ተነሣ። በመጨረሻ ማጅራቱን ሊያሳይ ነው። ሦስቱም ሽማግሌዎች እኩል አቀርቅረው መሬት መሬት አዩ። ጋሽ ሞላማ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ለካ አንዳንድ ወፍ የሚለየው ባለማየት ነው።

እኔ ግን ዝቅ ብሎ በፊቴ ሲያልፍ ማጅራቱን ቁልጭ አድርጌ አይቼዋለሁ። ነጭ ነበረው ወይስ አልነበረውም ትሉኝ ይሆናል። ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን ይሄን ወግ ባለቤቴ ታነበዋለች።